ፀሐይ የሞቀው ኖዋር፦ ስለ ኒዮ ኖዋር ለተጠየቀው ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ልድገመውና ልጀምር፣ ሌላውም ሰው እንዲገባው። ቻይናታውንን፣ ብሌድ ራነርንና ናይትክሮውለርን በአንድ ሳምንት ውስጥ አየሻቸው፣ ሶስቱም ኒዮ ኖዋር፣ ማለት የድሮው የአርባዎቹ ጨለማ የወንጀል ፊልም አዲስ ወራሾች ናቸው ስለተባልሽ። ከዛ ግራ ገባሽ። አንዱ አብዛኛው ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው፣ አንዱ ስለ ወደፊት ሰው ሰራሽ ሰዎች ነው፣ አንዱ ደሞ ካሜራ ይዞ ሌሊት ለሌሊት አደጋና ሬሳ ስለሚያሳድድ ልጅ ነው። ያ ጥቁርና ነጩ፣ ባርኔጣው፣ የሲጋራ ጭሱ፣ ግድግዳ ላይ የሚሄደው ጥላ ከሌለ ምናቸው ነው ኖዋር፣ ወይስ ፊልም ጨለምለም ሲል ዝም ብሎ የሚለጠፍ ስም ነው፣ ይሄ ነው ጥያቄሽ። ደሞ አጭር ፊልም ልሰራ ነው ጥቁርና ነጭ ላድርገው ወይ ብለሻል፣ እሱን ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

እኔ ስራዬ መብራት ነው። ፊልም ቀረጻ ቦታ ላይ መብራት እሰቅላለሁ፣ አወርዳለሁ፣ ኬብል እጠቀልላለሁ፣ አልፎ አልፎ ደሞ ለጀማሪ ልጆች አስተምራለሁ። ስለዚህ ወሬዬ ወደ መብራት ካዘነበለ ታገሺኝ። የፊልሞቹንም መጨረሻ ሳልደብቅ ነው የምናገረው፣ ያላያችሁ እዚህ ጋ ብትመለሱ ይሻላል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ስሙ ራሱ ከውጭ የመጣ ነው። በአርባዎቹ ሆሊውድ ውስጥ እነዚህን ፊልሞች የሚሰሩት ሰዎች ኖዋር እየሰራን ነው ብለው አያውቁም፣ ለነሱ የወንጀል ፊልም ነው፣ ሜሎድራማ ነው፣ በቃ እንጀራ ነው። ፓሪስ በጀርመኖች በተያዘች ጊዜ የአሜሪካ ፊልም መግባት አቆመ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ የተጠራቀመው ሁሉ በአንዴ ተግተልትሎ ገባ፣ 1946 ላይ ኒኖ ፍራንክ የሚባል ሃያሲ እነዚህን ፊልሞች አንድ ላይ አይቶ ጥቁር ፊልም አላቸው፣ በነሱ ቋንቋ ፊልም ኖዋር። የሚገርመው ጥቁረቱን ካመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ከሂትለር ሸሽተው የመጡ ናቸው፣ ቢሊ ዋይልደር፣ ፍሪትዝ ላንግ፣ ሮበርት ሲዮድማክ። የበርሊን ስቱዲዮ ውስጥ የተማሩትን ጥላ ሎስ አንጀለስ አምጥተው ዘረጉት።

የኒዮዎቹ ነገር ግን ሌላ ነው። እነሱ ስሙን አውቀው ነው የተነሱት። ፖል ሽሬደር 1972 ላይ ስለ ኖዋር ረዘም ያለ ጽሁፍ ጻፈ፣ 1976 ላይ ደሞ እሱ ስክሪፕቱን የጻፈው ታክሲ ድራይቨር ወጣ። ትውልዱ ኖዋርን እንደ ትምህርት ቁጭ ብሎ አጥንቶታል ማለት ነው። ይሄ ልዩነት ቀላል እንዳይመስልሽ። የድሮው ፊልም ጥላና ሲጋራውን ሲያሳይሽ ብዙውን ጊዜ ሌላ ተንኮል የለውም፣ ይቺ ሴት አደገኛ ናት ካለሽ አደገኛ ናት። አዲሱ ግን አንቺ የድሮውን እንዳየሽ ያውቃል። ምልክቱን ፊትሽ ያስቀምጥልሻል፣ አንቺም አሃ ገባኝ ትያለሽ፣ ከዛ ያ ገባኝ ያልሽው ነገር ነው ጉድ የሚሰራሽ። ለኔ ኒዮ ኖዋር ማለት ይሄ ነው፣ የድሮውን ምልክት ወርሶ ወጥመድ ያደረገ ፊልም። ባርኔጣ ኖረ አልኖረ ሁለተኛ ነገር ነው።

ቻይናታውን ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ወጥመዱ እንደሱ ጥርት ብሎ የሚታይበት የለም። ፊልሙ የ1974 ነው፣ ታሪኩ ግን 1937 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ጃክ ኒኮልሰን የሚጫወተው ጄክ ጊተስ የግል መርማሪ ነው፣ እንጀራው ማን ከማን ጋ ይማግጣል ብሎ ተደብቆ ፎቶ ማንሳት ነው። አንዲት ሴት ባሌን ተከታተልልኝ ብላ ትመጣለች፣ ይከታተላል፣ ፎቶው ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ከዛ ትክክለኛዋ ሚስት ከጠበቃዋ ጋ ትመጣለች። የመጀመሪያዋ ተቀጥራ የመጣች ናት። ባልየው የከተማው የውሃ መስሪያ ቤት ዋና መሃንዲስ ነው፣ ብዙም ሳይቆይ ሞቶ ይገኛል፣ በድርቅ ወቅት፣ ሰምጦ፣ ሳንባው ውስጥ ደሞ የጨው ውሃ።

አሁን ሚስትየዋን ኤቭሊንን እያት። ባርኔጣዋ ከነዓይነ ርግቡ፣ ቀጭን ቅንድብ፣ ቀይ ከንፈር፣ ሲጋራ። ባሏ ሞቶ እንባ የላትም። የአባቷ ስም ሲነሳ ምላሷ ይተሳሰራል፣ አንድ ሲጋራ እየጨሰ እያለ ሌላ ትለኩሳለች። 1944 ላይ የወጣውን የዋይልደርን ደብል ኢንደምኒቲ ያየ ሰው፣ ባሏን በኢንሹራንስ ሻጭ ያስገደለችውን ፊሊስን የሚያስታውስ ሰው፣ ወዲያው ይቺ ናት ይላል። ወንዱን አፍዝዛ ወደ ገደል የምትነዳዋ፣ ፌም ፋታል የሚሏት። ጊተስም እንደኛው ነው፣ እሱም ይቺ ናት ይላል። ፖሊስ ይጠራባታል፣ በጥፊ እያላጋ ያናዝዛታል፣ ከአፏ የሚወጣው ግን ሌላ ነው፣ ደብቃ የያዘቻት ልጅ እህቷም ልጇም ናት፣ አባትየው የገዛ ልጁን ነው ያስወለደው። ያ መንተባተብ፣ ያ ሲጋራ፣ ያ መደበቅ፣ የወንጀለኛ ምልክት ብለን የቆጠርነው ሁሉ የተበዳይ ምልክት ነበር። ጊተስ ሲገባው ደሞ ፖሊስ ጠርቶ አልቋል። ኤቭሊንን የሚገድላት ከአባቷ ቀጥሎ የጊተስ ኖዋር አዋቂነት ነው ብል አላጋነንኩም፣ የኛም አብሮ።

አባትየውን ኖዋ ክሮስን የሚጫወተው ማነው ብትይ ጆን ሂውስተን ነው። ይሄ ሰውዬ 1941 ላይ ዘ ማልቲዝ ፋልከንን ዳይሬክት ያደረገው ነው፣ ብዙ ሰው የኖዋር ዘመን ከሱ ይጀምራል የሚለውን ፊልም። የኖዋርን አባት አምጥተው ልጁን የሚበላ አባት አደረጉት። ቀልድ ነው ወይስ ጭካኔ እኔ እስካሁን አልለየልኝም።

ፀሐዩን በተመለከተ ደሞ፣ እሱ ነው ወጥመዱን የጨረሰው። የድሮው ኖዋር ክፉ ነገርን ጨለማ ውስጥ ይደብቀዋል፣ መርማሪው ጨለማውን ገፎ ያወጣዋል። ቻይናታውን ላይ የሚሰረቀው ውሃ ነው፣ መሬት ነው፣ በአደባባይ ስብሰባ፣ በምርጫ፣ በመዝገብ ቤት ወረቀት። ጊተስ መዝገብ ቤት ገብቶ ከተማዋ አጠገብ ያለው ሸለቆ መሬት በቅርቡ በማን በማን ስም እንደተገዛ ያያል፣ ስሞቹ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የተቀመጡ፣ ስለ መሬቱ ምንም የማያውቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ወረቀቱ ግን ክፍት ነው፣ ማንም ገብቶ ማየት ይችላል። እኛ ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው የምንለው ዓይነት ወንጀል ነው፣ ማወቁ ምንም አያመጣም። ፈጠራው ደሞ ከባዶ አልተነሳም፣ ሎስ አንጀለስ በእውነትም 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ካለው የኦወንስ ሸለቆ ውሃ በቦይ ወስዳለች፣ ቦዩ 1913 ላይ ነው የተመረቀው፣ የሸለቆው ገበሬዎች ግን ደረቁ። ፊልሙ ያንን ታሪክ ወደ 1937 ጎትቶ አመጣው።

ካሜራው ራሱ ከጊተስ ትከሻ ጀርባ አይጠፋም። እሱ ያላየውን አንቺም አታይም። ብርቱካን እርሻው ውስጥ ተደብድቦ ሲወድቅ ስክሪኑም ይጠቁራል፣ ሲነቃ ነው ፊልሙ የሚቀጥለው። ይሄ የድሮውን ኖዋር ተራኪ ድምፅ የተካ ነገር ነው፣ እኔ አየሁ ብሎ የሚያወራልሽ ድምፅ የለም፣ ግን ከጭንቅላቱ መውጣት አትችይም። ደሞ ፊልሙ በተሰበረ መስታወትና በዓይን የተሞላ ነው። የሚከታተለው መሃንዲስ መቼ መኪናውን እንዳንቀሳቀሰ ለማወቅ ጊተስ ጎማው ስር የኪስ ሰዓት ያስቀምጣል፣ ጎማው ሲረግጠው ሰዓቱ ቆሞ ይቀርለታል። የኤቭሊንን መኪና ማታ ለመከተል የኋላ መብራቷን ቀዩን ሽፋን ይሰብራል፣ አንዱ ቀይ አንዱ ነጭ እየሆነ ከሩቅ እንዲለያት። እሱን ዘዴ ስታይ ጎበዝ ትያለሽ። ያችን ማታ ተከትሏት ሄዶ ያገኘውን ነገር ግን በጎበዝ ሰው ዓይን ገለባብጦ ነው ያየው። የኤቭሊን ዓይን ላይ ትንሽ እንከን አለ፣ እሱ ራሱ ቀረብ ብሎ አይቶ ይነግራታል፣ መጨረሻ ላይ ጥይቱ የሚወጣው በዛው በዓይን በኩል ነው።

ቻይናታውን ሲያልቅ ስለሚጮኸው የመኪና ክላክስም የምለው አለኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሌላው የተወረሰው ነገር እጣ ፈንታው ነው፣ እሱም ተገልብጦ ነው የተወረሰው። የድሮው ኖዋር ሰውዬ ከመጀመሪያው አብቅቶለታል። ደብል ኢንደምኒቲ ሲጀምር ኢንሹራንስ ሻጩ ዋልተር ኔፍ ተመቶ ደሙ እየፈሰሰ ሌሊት ቢሮ ይገባል፣ ከዛ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ የሄደበትን መንገድ ወደ ኋላ ይተርክልሻል፣ እንደማይተርፍ እያወቅሽ ነው ሁለት ሰዓት የምታይው። ይሄ ጥበብ ነው ግን ግማሹ ደንብ ነው። ከ1934 ጀምሮ ሆሊውድ ውስጥ ሄይስ ኮድ የሚባል የስነ ምግባር ደንብ በጥብቅ ይሰራበት ነበር፣ ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም አያልቅም። ጸሃፊው ነፍሰ ገዳዩን የቱንም ያህል ቢወደው ዋጋውን ማስከፈል ግዴታው ነው። ዋይልደር ኔፍ በጋዝ የሚገደልበትን ትዕይንት ሁሉ ቀርጾት ነበር፣ በኋላ ነው ቆርጦ የጣለው፣ የተሻለ ነገር ስለነበረው። ፊልሙን ሙሉ ለአለቃው ለኪይስ ክብሪት የሚጭርለት ኔፍ ነው፣ ኪይስ ክብሪት ይዞ አያውቅም። መጨረሻ ላይ ኔፍ በሩ ስር ወድቆ ሲጋራ አፉ ላይ አድርጎ ክብሪቱን መጫር ያቅተዋል፣ ኪይስ ነው የሚጭርለት። ከዚህ በላይ ምን ቅጣት ይቀረጻል።

ደንቡ 1968 ላይ ተነሳ፣ በምትኩ ፊልሞችን በዕድሜ መመደብ መጣ። ከስድስት ዓመት በኋላ ኖዋ ክሮስ ልጅቷን አቅፎ፣ ዓይኗን በእጁ ሸፍኖ ይዟት ሄደ። ስክሪፕቱን የጻፈው ሮበርት ታውን ኤቭሊን እንድትተርፍ ነበር የፈለገው፣ ዳይሬክተሩ ፖላንስኪ ነው አይሆንም ያለው። ቦዲ ሂት፣ 1981፣ የደብል ኢንደምኒቲ የልጅ ልጅ ነው በይው፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በሙቀት የሚቀቀሉ ሰዎች፣ እዛ ሴትየዋ ብሩን ይዛ ባህር ዳርቻ ላይ ተዘርግታ ነው የሚያልቀው፣ ወንዱ እስር ቤት ተቀምጦ ነው ነገሩ የገባው።

አንቺ ያየሽው ናይትክሮውለር፣ 2014፣ ነገሩን የጨረሰበት ነው። ካሜራ የያዘው ልጅ ሉ ብሉም ከድሮው መርማሪ ምን ወረሰ ብትይ ስራውን ወረሰ፣ ሌሊት መንዳት፣ የፖሊስ ሬዲዮ ማድመጥ፣ ማየት። መርማሪው ግን እውነቱን ለማወቅ ነው የሚያየው፣ ሉ ለመሸጥ ነው። የመኪና አደጋ ቦታ ፖሊስ ሳይደርስ ይደርስና ሬሳውን ጎትቶ ብርሃን የሚሻልበት ጋ ያመጣዋል። እንደ መብራት ሰራተኛ ያ ትዕይንት አሳመመኝ፣ ምክንያቱም እጄ ያውቀዋል፣ እኛም ቀኑን ሙሉ ሰውን ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ መብራቱ እያልን ነው የምንውለው። ተኩስ የነበረበት ቤት ደሞ ገብቶ ፍሪጁ ላይ ያለውን የቤተሰብ ፎቶ ወደ ጥይቱ ቀዳዳ ያስጠጋዋል፣ ፍሬሙ እንዲያምርለት። የሚያወራው ሁሉ የስራ ቃለ መጠይቅና ከኢንተርኔት የለቀመው የቢዝነስ ስልጠና ነው። እሺ ይሄ ሰውዬ መጨረሻ ላይ ምን ሆነ፣ ድርጅቱ ሰፋ፣ አዳዲስ ልጆች ቀጠረ፣ መኪና ጨመረ። ቅጣቱ ቀርቶ የደረጃ እድገት። ወንዱን የምታጠምደዋ ሴት ቦታም ተገልብጧል፣ የቲቪ ዜና ኃላፊዋን ጥግ አስይዞ የሚያስገድዳት እሱ ነው።

ስለ ተራኪው ድምፅ ትንሽ ልበል፣ ሰው ዝም ብሎ ስለሚገለብጠው። ኔፍ የሚያወራው ለኛ መስሎሽ ከሆነ አይደለም፣ ቢሮ ውስጥ ባለች የድምፅ መቅጃ ነው፣ በሰም ሲሊንደር ላይ፣ ለኪይስ። ኑዛዜ ነው፣ ሰሚ አለው፣ ሰሚው ደሞ በር ላይ መጥቶ ቆሟል። ብሌድ ራነር 1982 ሲወጣ ስቱዲዮው ተመልካቹ አልገባውም ብሎ የሃሪሰን ፎርድን ትረካ ጨመረበት፣ ለማን እንደሚያወራ ማንም አያውቅም፣ አሰልቺ ነው፣ 1992 ላይ በወጣው ቅጂ ተነሳና ፊልሙ ተነፈሰ። አንቺ የትኛውን እንዳየሽ አላውቅም፣ ፎርድ እያወራ ከነበረ ሌላኛውን ፈልጊ። ከድሮው ኖዋር በደንብ የወረሰው ሌላ ነገር ነው፣ ያለፈውን። 1947 ላይ በወጣው አውት ኦፍ ዘ ፓስት ሮበርት ሚቸም ስሙን ቀይሮ ትንሽ ከተማ ውስጥ ቤንዚን ማደያ ከፍቶ ይኖራል፣ ያለፈው ታሪኩ መኪና ነድቶ መጥቶ ይወስደዋል። ብሌድ ራነር ላይ ሰው ሰራሽዋ ሬቸል ያለፈውን ታሪኳን ፎቶ ይዛ ትመጣለች፣ እናቴና እኔ ብላ፣ ያለፈው ግን የሷ አይደለም፣ የሰሪዋ የእህት ወይ የወንድም ልጅ ትዝታ ነው የተገጠመላት። የሚያሳድድሽ ታሪክ መጥፎ ነው፣ የሚያሳድድሽ ታሪክ የሌላ ሰው ሲሆን ደሞ አስቢው። ለዛ ነው የ1940ዎቹን ሰፊ ትከሻ ልብስና የተጠቀለለ ፀጉር ያደረጓት፣ እኛም ስናያት የሌላ ሴት ትዝታ ነው የሚመጣብን።

ይሄ መቅጃና ትዝታ ነገር እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይሄዳል። 2022 ላይ ፓርክ ቻን ዉክ የሚባለው የኮሪያ ዳይሬክተር የሰራው ዲሲዥን ቱ ሊቭ ውስጥ መርማሪው እንቅልፍ የለውም፣ የሚጠረጥራትን ቻይናዊት ሴት ማታ ማታ መኪና ውስጥ ሆኖ ይጠብቃል፣ የሚያየውን ሁሉ እጁ ላይ ላለችው ስማርት ሰዓት ይናገራል። ያው የኔፍ መቅጃ እኮ ነው፣ ተጨምቆ ሰዓት ሆነ እንጂ። ባሏን መግደሏን ሲደርስበት ማስረጃውን ስልክ ባህር ውስጥ ጣይው፣ ማንም በማያገኘው ጥልቀት ላይ ይላታል። እሷ ያንን ድምፁን ቀድታዋለች፣ ደጋግማ ታዳምጠዋለች፣ ምክንያቱም ለሷ እወድሻለሁ ያላት ያኔ ነው። እሱ እወድሻለሁ ማለቱን አያስታውስም። ኮሪያንኛዋ ሲያቅታት በስልኳ ነው የምታስተረጉመው፣ ማሽኑ በወንድ ድምፅ ያነብላታል። ባርኔጣ የለ፣ ጭስ የለ፣ አብዛኛው ተራራና ባህር ነው፣ ግን ከዚህ የበለጠ ኖዋር በቅርቡ አላየሁም።

አሁን ወደ ራሴ ስራ ልምጣ፣ ወደ ብርሃን። የድሮዎቹ ጨለማ ሁሉ ፍልስፍና አይደለም። ብዙዎቹ ርካሽ ፊልሞች ናቸው፣ ጦርነት ነው፣ ለቀረጻ በሚሰራ ቤትና መንገድ ወጪ ላይ ገደብ ነበረ፣ ጨለማ ደሞ ያልተሰራውን ግድግዳ ይሸፍናል። ሪድሊ ስኮት ብሌድ ራነርን ዋርነር ስቱዲዮ ግቢ ውስጥ በተሰራ የድሮ የኒውዮርክ መንገድ ላይ ሲቀርጽ ዝናብና ጭስ ሌሊቱን ሙሉ የለቀቀው መንገዱ ለቀረጻ የተሰራ መሆኑ እንዳይታይበትም ጭምር ነው። ያ የምታደንቂው ዝናብ ግማሹ መደበቂያ ነው። ውጤቱ ግን አሁንም ልክ ነው፣ ምክንያቱም ደረቅ አስፋልት ብርሃን ይበላል፣ እርጥብ አስፋልት መስታወት ነው፣ አንድ ባልዲ ውሃ አንድ ተጨማሪ መብራት ማለት ነው። እኛ በጀት ሲኖር የውሃ ቦቴ እንከራያለን፣ በጀት ከሌለ ክረምትን እንጠብቃለን።

ሁሉም የሚያውቀውን የብላይንድ ጥላ ልንገርሽ፣ ቢሮ መስኮት ላይ ያለው ዝርግ ዝርግ መጋረጃ ግድግዳ ላይ የሚጥለውን መስመር። ደብል ኢንደምኒቲን የቀረጸው ጆን ሳይትዝ ነው ያን ያደመቀው፣ የፊሊስ ቤት ደሞ አቧራማ እንዲመስል የአሉሚኒየም ብናኝ አየሩ ላይ ነስንሰው ብርሃኑ ውስጥ ሲብለጨለጭ ነው የቀረጹት። እኔ ይሄን አይቼ፣ ካዛንቺስ ሳይፈርስ እዛ አንድ የድሮ ቢሮ ተከራይተን ስንቀርጽ፣ ትልቅ ኤልኢዲ ፓነል ከነ ሶፍትቦክሱ፣ ብርሃኑን ከሚያለሰልሰው ጨርቅ ጋ፣ መስኮቱ ውጭ አቆምኩና ጥላውን ጠበቅኩ። ግድግዳው ላይ የመጣው ግራጫ ዳመና ነው፣ መስመር የሚባል ነገር የለም። ዳይሬክተሩ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም። ከዛ ፓነሉን አንስቼ አንዲት አሮጌ ትንሽ ፍሬስነል፣ ፊቷ ላይ ሌንስ ያላት መብራት፣ አመጣሁ፣ በተቻለ መጠን ከመስኮቱ አራቅኳት፣ ብላይንዱን ደሞ ከመስኮቱ ነቅለን ወደ ግድግዳው አስጠጋነው፣ በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል መስመር ወጣ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ የብርሃኑ ምንጭ ባነሰና በራቀ ቁጥር፣ ብርሃኑን የሚጋርደው ነገር ደሞ ለግድግዳው በቀረበ ቁጥር ጥላው ይሰላል። የድሮዎቹ ሰዎች ፊልማቸው ብዙ ብርሃን የሚፈልግ ስለነበረ ጠንካራ ቀጥተኛ መብራት ነው የነበራቸው፣ ጥላው ከመሳሪያው ነው የወጣው።

እና ኒዮዎቹ ምን አደረጉ፣ የራሳቸውን ዘመን መብራት ፈለጉ። ማይክል ማን ኮላተራልን 2004 ላይ ሲያወጣ አብዛኛውን በዲጂታል ካሜራ ነው የቀረጸው፣ ያኔ ብዙ ሰው ዲጂታልን ይንቅ ነበር። የፈለገው የፊልም ጥቅልል የማያየውን ሌሊት ነው። የሎስ አንጀለስ የመንገድ መብራት ሶዲየም ነበር፣ ያ ብርቱካንማ ቢጫ፣ ብርሃኑ ዳመናው ላይ ነጥሮ ሰማዩ ራሱ ያበራል። እዛ ፊልም ውስጥ ሌሊቱ ጥቁር አይደለም፣ የሚደበቁበት ጨለማ የለም፣ ገዳዩ ግራጫ ሱፍ ለብሶ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀምጧል፣ ከተማው በሙሉ ይታያል፣ ማንም ግን አያየውም። ታክሲው ውስጥ ደሞ መብራት ማስገቢያ ቦታ ስለሌለ እንደ ወረቀት የሳሱ የሚያበሩ ፓነሎች በየጥጉ ለጣጥፈው ነው ፊታቸውን ያበሩት። ከ2009 ጀምሮ ከተማዋ ወደ 140 ሺህ የሚጠጋ የመንገድ መብራቷን ወደ ነጭ ኤልኢዲ ቀየረች። ስለዚህ ያ የኮላተራል ሌሊት ዛሬ ወጥተሽ አታገኚውም። ናይትክሮውለርን ከኮላተራል አጠገብ አድርገሽ እይው፣ አስር ዓመት ነው ልዩነታቸው፣ ያው ከተማ፣ ያው ሌሊት፣ ያው መኪና፣ ግን ብርሃኑ ላይ ነጩ እየገባ ነው። ቀራጩ ሮበርት ኤልስዊት ሌሊቱን በዲጂታል፣ ቀኑን በፊልም ነው የቀረጸው።

ስለዚህ ጥቁርና ነጭ ላድርገው ወይ ላልሽው፣ አታድርጊው። ቢያንስ ኖዋር እንዲመስል ብለሽ አታድርጊው፣ ያ ከሆነ የድሮውን ልብስ ተውሰሽ መልበስ ነው። የምትቀርጪበት ሰፈር የመንገድ መብራት ምን ዓይነት እንደሆነ ማታ ወጥተሽ እይ፣ የድሮው ቢጫ ነው፣ አዲሱ ነጭ ነው፣ ወይስ የሱቅ ኒዮንና የስልክ ስክሪን ብቻ ነው። ዋና ሰውሽ ፊቱ በምን እንደሚበራ ወስኚ። ከሱም በፊት ግን ስክሪፕቱን ቁጭ ብለሽ አንድ ነገር ጠይቂው፣ ተመልካቹ ከሌላ ፊልም ይዞት የሚመጣው ግምት ምንድነው፣ እኔስ ያንን ግምት የት ላይ ነው የማሳስተው በይ። ሴትየዋን መጥፎ እንድትመስል ካደረግሻት፣ ለምን እንደምትመስል ሌላ ምክንያት ይኑርሽ። የተራኪ ድምፅ ምናምን ካስገባሽ ለማን እንደሚነገር እወቂ። ይሄን ካገኘሽ በስልክሽ ቀን ላይ ቅረጪው፣ እኔ መጥቼ አንጸባራቂ እይዝልሻለሁ፣ በነፃ።

የክላክሱ ነገር። ቻይናታውን ሲያልቅ መኪናው ከርቀት ይቆማል፣ ክላክሱ ይጮሃል፣ አያቆምም፣ ምክንያቱም የኤቭሊን ጭንቅላት መሪው ላይ ወድቋል። ያን ድምፅ ፊልሙ አንዴ አስቀድሞ አሰምቶሻል። ጊተስ የኋላ መብራቷን ሰብሮ በተከተላት ማታ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብለው ሲያወሩ፣ ድክም ብሏት ግንባሯን መሪው ላይ ስታደርግ ክላክሱ ድንገት ይጮሃል፣ እሷም ደንግጣ ቀና ትላለች። የዛን ጊዜ ተራ ነገር ነው፣ ሰው ያልፈዋል፣ እኔ ራሴ አራተኛ ጊዜ ሳየው ነው የያዝኩት። ሄደሽ ፈልጊው፣ ድምፁን ከፍ አድርጊና ያኔ ጊተስ ስለሷ ምን እያሰበ እንደነበር ፊቱን እይው።